ሽቦ ያልተገጠመለት ሞተር

መነንን ያወቅኋት ፍራንክፈርት፣ ጉትሎይትፊርቴል በሚባለው ሰፈር ውስጥ በአንድ ደረጃ የምንወጣ ጎረቤታሞች ሆነን ነው። እሷ ሦስተኛ ፎቅ ነበረች፣ እኔ ከሥሯ። ጊዜው በፈረንጆቹ 1992 ሲሆን ጥገኝነቷ ተፈቅዶላት ከመጠለያው የወጣችበት ሰሞን ነበር። በእኛ ሰው ዘንድ ስሟ «ኢንጂነሯ» ነበር። ሕንድ አገር አራት ዓመት ተምራ፣ የኤሌክትሪክ ምህንድስና ዲግሪ ይዛ የመጣች ሴት ያን ጊዜ ፍራንክፈርት ውስጥ ከእኛ መካከል ሌላ አላውቅም። እናቶች ልጆቻቸውን ሲቆጡ ስሟን ይጠሩ ነበር። እሷ ግን ምህንድስናዋ በተነሳ ቁጥር ወሬ ታስቀይራለች። ምክንያቱን የሰማሁት ቆይቶ ነው፤ የሰማሁትም ከራሷ አፍ ነው።

መነን የናዝሬት ልጅ ናት። አባቷ ገና ትንሽ ሳለች ስለሞቱ ያሳደገቻት በዘጠኝ ዓመት የምትበልጣት እህቷ ኢየሩስ ነች። ኢየሩስ ሮም ሄዳ አንዲት አሮጊት ሲኞራ ቤት በሠራተኝነት ተቀጠረች። መነን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወስዳ ለምህንድስና የሚያበቃ ነጥብ ሳታመጣ ስትቀር፣ በዘመድ በኩል ናይሮቢ ወጣች። እዚያ አንድ ደላላ ለሕንድ ኮሌጆች ተማሪ ይመለምል ነበር። ያሳያት መጽሔት ላይ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ፣ ነጭ ካፖርት የለበሱ ተማሪዎችና በተርታ የቆሙ ማሽኖች ይታያሉ። ነጥብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው «ዶኔሽን» የሚሉትን የመግቢያ ክፍያ ብቻ ነው። ኢየሩስ ከፈለች።

በ1984 መነን ደቡብ ሕንድ ውስጥ ካለችው ትንሽ ከተማ ስትደርስ ሕንፃው ሁለት ፎቅ ሆኖ አገኘችው። የቀረው ይሠራል ተባለች። አራት ዓመት ሙሉ ይሠራል እንደተባለ ቀረ። መጽሔቱ ላይ ያለው ፎቶ የሌላ ኮሌጅ መሆኑን የነገረቻት የማደሪያ ጓደኛዋ ነች፤ እሷም ነገሩን እንደ ተራ ነገር ነበር የነገረቻት።

አስተማሪዎቹ አብዛኞቹ ባለፈው ዓመት ከዚያው ኮሌጅ የተመረቁ ልጆች ነበሩ። የተሻለ ሥራ እስኪያገኙ ያስተምራሉ፤ ሲያገኙ በሴሚስተሩ መካከል ይሄዳሉ። አንዱን የትምህርት ዓይነት ሦስት ሰው ተፈራርቆባት ጨርሳዋለች። ክፍል ውስጥ የሚሠራው ማስጻፍ ነው። አስተማሪው ከደብተሩ ያነባል፣ ሰባ ተማሪ ይጽፋል። ጥያቄ የጠየቀ ሰው «ፈተና ላይ አይመጣም» ይባላል። ፈተናውን የሚያወጣውም ዲግሪውን የሚሰጠውም ኮሌጁ በሥሩ የተመዘገበበት ዩኒቨርሲቲ ስለነበረ፣ ያለፉትን አምስት ዓመታት ጥያቄዎች በቃሉ የያዘ ሰው ያልፋል። መነን ማስታወስ ትችልበታለች፤ አለፈች።

ላቦራቶሪው የተለየ ታሪክ ነበረው። በስተግራ በኩል አንድ ትልቅ ሞተር በሲሚንቶ ላይ ተተክሎ ቆሟል። ቀለሙ አዲስ ነው፣ በየሳምንቱም ይወለወላል። ሽቦ ግን አልተገጠመለትም። ሕንፃው ውስጥ እሱን የሚያንቀሳቅስ የኤሌክትሪክ መስመር አልገባም ነበር። የዩኒቨርሲቲው ተቆጣጣሪዎች ሊመጡ ሲሉ ደግሞ ከጎረቤት ከተማ በጭነት መኪና የመለኪያ ዕቃዎች ይመጡና ጠረጴዛዎቹ ይሞላሉ። ተማሪዎቹ ንጹሕ ልብስ ለብሰው ዙሪያውን ይቆማሉ። ተቆጣጣሪዎቹ ምሳ በልተው ሲሄዱ መኪናው ተመልሶ ይመጣል። መነን በአራት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ እንዲህ ቆማለች። አንድ ጊዜ ከውጭ አገር የመጡ ተማሪዎችም እንዳሉ ለማሳየት ከፊት አቁመዋታል።

በደንቡ መሠረት እያንዳንዱ ተማሪ የሠራቸውን ሙከራዎች የሚመዘግብበት ደብተር አለው። ያለ ደብተሩ ፈተና መቀመጥ አይቻልም። ስለዚህ ከቀደሙት ተማሪዎች ደብተር ይገለበጣል። ቁጥሮቹ ቃል በቃል እንዳይመሳሰሉ እዚህም እዚያም ይለወጣሉ፣ ሥዕላዊ መግለጫው በእርሳስ ይሠራል፣ መጨረሻ ላይ ተማሪው ይፈርማል። መነን አርባ ሁለት ሙከራ ሠርቻለሁ ብላ ፈርማለች። ለኢየሩስ በየወሩ ስትጽፍ ደግሞ ትምህርቱ ደህና ነው፣ ላቦራቶሪው ትልቅ ነው ትላት ነበር።

እውነቱን ለመናገር ከዚያ ኮሌጅ የወጡ ሁሉ ባዶ እጃቸውን አልወጡም። ያቺ የማደሪያ ጓደኛዋ በየዕረፍቱ አጎቷ ፋብሪካ እየሄደች ከጥገና ሠራተኞቹ ጋር ትውል ነበር፤ ኋላ ጥሩ መሐንዲስ ወጥቷታል። መነን አጎት አልነበራትም። ሴቶቹ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በፊት ማደሪያ መግባት ነበረባቸው፣ የውጭ አገር ተማሪ ደግሞ ከከተማው ለመውጣት ፖሊስ ጣቢያ መመዝገብ ነበረበት። ክፍያው በየዓመቱ ይጨምራል። መጨረሻ ላይም የዲግሪዋን ዋና ወረቀት ስድስት ወር ያዙባት፤ ለውጭ አገር ተማሪ የተጨመረ ክፍያ አለ ብለው ነው። እሱንም ኢየሩስ ላከች።

ናይሮቢ ተመልሳ ሥራ ስታጣ በ1990 ፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ ወርዳ እጇን ሰጠች። ከመጠለያ ስትወጣ ያገኘችው ሥራ ኦስትሃፈን በሚባለው የወንዝ ወደብ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ነበር። ካርቶን ትለያለች፣ ቁጥር ትለጥፋለች። ለጊዜው ነው ብላ ነበር የገባችው። ወረቀቶቿን አስተርጉማ ዲግሪዋ እንዲታወቅላት አመለከተች፤ መልሱ በ1993 የበጋው ወራት ላይ መጣ። ደብዳቤውን ደረጃው ላይ ቁጭ ብለን አብረን ነው ያነበብነው፤ የእኔ ጀርመንኛ ያን ጊዜ ከእሷ ይሻል ነበር። ኮሌጁ እሷ በተማረችባቸው ዓመታት ከዩኒቨርሲቲው ጋር የነበረው ግንኙነት በከፊል ተቋርጦ እንደነበረና ዲግሪው ከዚህ አገር የምህንድስና ዲግሪ ጋር እኩል ሊታይ እንደማይችል ይገልጻል። ዩኒቨርሲቲ ገብታ መማር ከፈለገች ከተማረቻቸው ጥቂት ትምህርቶች ሊቆጠሩላት እንደሚችሉም ይጨምራል።

የተቋረጠ ነገር መኖሩን የሰማችው ያን ቀን ነው። ኮሌጁ ለተማሪዎቹ ትንፍሽ አላለም። ደብዳቤውን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ነገ የጠዋት ፈረቃ አለኝ ብላ ተነሳች።

እንደገና ዩኒቨርሲቲ መግባት አልደፈረችም። ዕድሜዋ ወደ ሠላሳ እየተጠጋ ነው፣ ኢየሩስ ደግሞ እህቴ በተማረችው ሥራ ይዛለች ብላ ታስባለች። አንድ ቀን ግን ከመጋዘኑ ሁለት መንገድ አልፎ ያለ አንድ ትንሽ ወርክሾፕ ሰው እንደሚፈልግ በሩ ላይ ለጥፎ አየች። የተቃጠሉ ሞተሮችን ፈትቶ፣ የመዳብ ሽቦአቸውን እንደገና የሚጠቀልል ቤት ነው። ባለቤቱ ሄር ብሬንደል የሚባል፣ ዝምተኛ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሚሰቅል ሰው ነበር። ዲግሪዋን አይቶ ደስ አለው። ከዚያም አንድ ትንሽ የውኃ ፓምፕ ሞተር ክዳኑን ከፍቶ ጠረጴዛ ላይ አኖረላት። ስድስት የሽቦ ጫፎች ወጥተዋል፣ ምልክታቸው ጠፍቷል። የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚጣመር ለይታ እንድታገናኝ፣ ከማብራቷም በፊት አደጋ እንደሌለው እንድትለካ ጠየቃትና መለኪያውን ሰጣት።

መነን ወረቀት ጠየቀች። የሞተሩን ጉልበት የሚያወጣውን ስሌት ከሥር መሠረቱ ጻፈችለት። ሄር ብሬንደል መነጽሩን አውርዶ አነበበና ትክክል ነው አላት። ከዚያ ወደ ሞተሩ ጠቆመ። መለኪያውን አነሳች። የመለኪያውን ሁለት ገመዶች የት እንደምትሰካቸው አታውቅም። አንዱን ሰካች፣ ነቀለች፣ ሌላ ቀዳዳ ሞከረች። ከዚያ ዕቃውን መልሳ አስቀመጠችው።

«ሕንድ ስትማሩ ሞተር አልነበራችሁም?» አላት።

«ነበረን» አለች። «ሽቦ አልተገጠመለትም ነበር።»

አልሳቀባትም። ስንት ዓመት እንደተማረች ጠየቃት፣ አራት አለችው። ቡና ቀድቶ ሰጣት፣ ለራሱም ቀዳ።

«ስሌቱን ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል» አላት። «እጅዎ ግን ገና ትምህርት ቤት አልገባም። በመሐንዲስነት ልቀጥርዎ አልችልም። በተለማማጅነት ከመስከረም ጀምሮ እቀበልዎታለሁ። ሦስት ዓመት ነው።»

ሦስት ሳምንት አሰበችበት። ተለማማጅ ማለት በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ከአሥራ ስድስትና ከአሥራ ሰባት ዓመት ልጆች ጋር ትምህርት ቤት መቀመጥ፣ በቀረው ቀን መጥረግ፣ ማጠብ፣ የተቃጠለ ሽቦ ከብረት ውስጥ መጎልጎል ነው። ደመወዙም ከመጋዘኑ ያንሳል። መጨረሻ ላይ እኔን አማከረችኝ። «እምቢ ብል ዕድሜ ልኬን ያ መለኪያ ያስፈራኛል» አለችኝና ሄዳ ፈረመች። ለሌላ ሰው እንዳልናገር ግን አስማለችኝ። ቤተ ክርስቲያን ሲጠይቋት አንድ የሞተር ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው ትል ነበር፤ ውሸት አይደለም። ኢየሩስም የምታውቀው ይህንኑ ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ከበዳት። ጠዋት ጠዋት ስትወርድ ደረጃው ላይ ስንገናኝ ጣቶቿ በፕላስተር ተጠቅልለው አያለሁ። ጀርመንኛው የወርክሾፕ ጀርመንኛ ነው፣ ከመጽሐፍ የተማረችው አልጠቀማትም። በሁለተኛው ዓመት ግን ነገሩ ተለወጠ። ሕንድ ሳለች በቃሏ የያዘችው ሁሉ አንድ በአንድ ሥጋ ለበሰላት። ሽቦው ለምን በዚያ አቅጣጫ እንደሚዞር፣ ለምን እንደሚግል፣ ስሌቱን ታውቀዋለች፤ አሁን ደግሞ ታየዋለች፣ ትዳስሰዋለች። ሄር ብሬንደል የሚያስቸግር ሥራ ሲመጣ ከሌሎቹ ሠራተኞች መካከል እሷን ይጠራ ጀመር።

ወልደኣብ የመጣው በዚህ መሐል፣ በ1996 የጸደይ ወራት ነው። ወልደኣብ ጻይልስሃይም የሚኖር፣ እዚያው አጠገብ ባለው የኬሚካል ፋብሪካ ለአሥራ አምስት ዓመት የሠራ፣ አዲስ አበባ ያደገ ኤርትራዊ ነው። ሰው ያከብረዋል። ልጁ ሮማን አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ መካከለኛውን የትምህርት ደረጃ ልትጨርስ ሁለት ወር ቀርቷታል። ወደ ዩኒቨርሲቲ በሚያስገባው ትምህርት ቤት ስላልተመደበች አባቷ ሁልጊዜ ይቆጭ ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እሷን አስከትሎ መነን ቤት መጣ። እኔም እዚያ ነበርኩ።

ከኪሱ አንድ የሚያብለጨልጭ መጽሔት አወጣ። ለንደን ያለ ዘመዱ በደላላ በኩል ያገኘለት ነው። ነጥብ አይጠይቅም፣ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ በአራት ዓመት መሐንዲስ ሆና ትመለሳለች። ሽፋኑ ላይ ያለውን ስም ሳይ የመነን ኮሌጅ መሆኑን አወቅሁ። ሕንፃው አሁንም ባለ አራት ፎቅ ነው። ወልደኣብ የመጣው ነገሩን ወስኖ ነበር፤ የትኛው የትምህርት ክፍል እንደሚሻል፣ ምን ልብስ እንደሚያዝ ሊጠይቃት ነው የፈለገው።

መነን መጽሔቱን እያገላበጠች ቆየች።

«ጋሽ ወልደኣብ፣ እዚያ አይላኳት» አለች።

መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። ከዚያ እሷ ሁሉንም ዘርዝራ ነገረችው። ስለ ጭነት መኪናው፣ ስለ አስተማሪዎቹ፣ ስለተያዘባት ወረቀት፣ ከዚህ አገር ስለመጣላት ደብዳቤ ሁሉ ነገረችው። ድምጿን ከፍ አላደረገችም፣ የሌላ ሰው ታሪክ የምትናገር ነው የምትመስለው። ወልደኣብ ፊቱ እየጠቆረ ሄደ።

«አንቺ በዚያው በር ነው የገባሽው» አላት። «እኛ ስንገባ ልትዘጊው ነው? ይኸው ኢንጂነር ሆነሽ እየሠራሽ አይደለም እንዴ?»

«ኢንጂነር አይደለሁም። ተለማማጅ ነኝ፣ ሁለተኛ ዓመት» አለች። «ከሮማን እኩዮች ጋር ነው የምማረው።»

መነን ተነስታ ከቁም ሣጥን ውስጥ የሙከራ ደብተሯን አመጣችና ፊቱ ዘርግታ አኖረችለት። ንጹሕ የእጅ ጽሑፍ ነው፣ ሥዕሎቹ በማስመሪያ የተሠሩ ናቸው። «አርባ ሁለት ናቸው። አንዱንም አልሠራሁም» አለችው። «ኮሌጁ ዋሸኝ ብዬ ብቻ አላልፍም። ይሄ የእኔ ፊርማ ነው።»

ሮማን እስከዚያ ድረስ በመስኮት ውጭ ውጭውን ስታይ ነበር። ወደ ደብተሩ ጎንበስ ብላ ተመለከተች፣ ከዚያ ለአባቷ በጀርመንኛ ሕንድ አገር መሄድን እሷ አንድም ቀን አለመጠየቋን ነገረችው። ወልደኣብ ተቆጥቶ ዝም አሰኛት። መነን እዚሁ ሁለት ዓመት የሚፈጅ የቴክኒክ ትምህርት ቤት እንዳለ፣ አንደኛው ዓመት ሥራ ላይ የሚለመድበት እንደሆነ፣ ከዚያ ወደ ምህንድስና ኮሌጅ መግባት እንደሚቻል ልታስረዳው ሞከረች። እሱ የወደቀ ልጅ መንገድ ነው ብሎ አልሰማትም። መጽሔቱን ወደ ኪሱ መልሶ፣ ቸር ዋሉ ብሎን ወጣ።

በሩ ሲዘጋ መነን ስልኩ አጠገብ ሄዳ ቁጭ አለች። ወሬው ሳምንት ሳይሞላ ሮም እንደሚደርስ ታውቃለች፤ ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከእኔ ትስማው አለች። ልወጣ ስነሳ እንድቆይ በእጇ ምልክት ሰጠችኝ። ለኢየሩስ ቅድም ለወልደኣብ የነገረችውን ሁሉ ነገረቻት፤ አሁን ግን ቃላቱ ይያዙባት ነበር። ሲያበቃ ኢየሩስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። የኮሌጁን ነገር ያወቅሽው መቼ ነው አለቻት።

«በመጀመሪያው ሳምንት፣ እትዬ» አለች መነን።

ኢየሩስ ሲኞራዋን ሐኪም ቤት መውሰድ እንዳለባት ተናግራ ስልኩን ዘጋች። ሁለት ወር ድምጿ አልተሰማም።

ከዚያ አጭር ደብዳቤ መጣ። ኢየሩስ የጻፈችው ስለ ድካሟ አልነበረም። ሮም ውስጥ ሐሙስ የቤት ሠራተኞች ዕረፍት ነው፤ ሐሙስ ሐሙስ ከጓደኞቿ ጋር ስትገናኝ የመነንን ደብዳቤዎች ታነብላቸው ነበር። ሳፍያ የምትባል ጓደኛዋ ይህን እየሰማች በ1987 ወንድሟን አሚርን እዚያው ኮሌጅ አስገባችው። አሚር ጨርሶ ወጥቶ ዛሬ ጅዳ ውስጥ የዕቃ መጫኛ መኪና ይነዳል። «እኔ ገንዘቡን የላክሁት ለአንቺ ስለሆነ የተከፋሁት እኔው ነኝ። ለሳፍያ ግን ምን ልበላት?» ይላል ደብዳቤው።

መነን አሚርን ጨርሶ ዘንግታው ነበር። በመጨረሻው ዓመቷ ማደሪያው ድረስ መጥቶ ሰላም ብሏት እንደነበረ ያን ጊዜ ትዝ አላት፤ ስለ ትምህርቱ ሲጠይቃት በርታ ብቻ ነው ያለችው። አድራሻውን ከኢየሩስ ተቀብላ ረጅም ደብዳቤ ጻፈችለት፣ ይቅርታም ጠየቀችው። መልስ አልመጣም። ከዓመት በኋላ እንደገና ጻፈች፣ አሁንም አልመለሰም። ደብዳቤው ይድረሰው አይድረሰው አታውቅም።

ወልደኣብ ለብዙ ወራት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ሰላም ሳይላት አለፈ። ሮማንን ግን ሕንድ አልላካትም። ሚስቱ አበባ እንደነገረችኝ ቁጣው ሲበርድለት ከመጽሔቱ ጀርባ ያለውን የዩኒቨርሲቲውን ስም ይዞ፣ ኮሌጁ በእርግጥ በሥሩ መሆኑን ለማጣራት ሦስት ጊዜ ጽፎ፣ ሳይመልሱለት ሲቀር ተወው። ሮማን መነን የነገረቻቸው የቴክኒክ ትምህርት ቤት ገባች። አንድ ዓመት ቆይታ ማሽን እንደማትወድ ገባትና ወጥታ፣ አሁን የመነጽር ሥራ እየተማረች ነው። ደስተኛ ትመስላለች። ወልደኣብ ግን ዛሬም፣ ከመነን ጋር ታርቆም ቢሆን፣ ሕንድ ሄዳ ቢሆን ይሄኔ መሐንዲስ ነበረች ይላል። መነን አትከራከረውም። ሊሆን ይችላል፣ ሮማን እንደዚያች የማደሪያ ጓደኛዬ ልትሆን ትችል ነበር ትለኛለች፤ ግን ከማታውቀው ነገር ይልቅ የምታውቀውን መናገር ነበረባት።

መነን በ1997 የሙያ ፈተናዋን አለፈች። የተግባሩ ፈተና ስድስት ሰዓት የፈጀ ሲሆን ከሃያ ሁለት ተፈታኞች ሦስተኛ ወጣች። በቀጣዩ ክረምት ኢየሩስ በባቡር መጣች። ሁለቱ እህትማማቾች ከተያዩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ስለ ኮሌጁ አንዳቸውም አላነሱም፤ ስለ ዘመድ፣ ስለ ሲኞራዋ መሞት፣ ስለ ጉልበት ሕመም ነበር ወሬው። በሦስተኛው ቀን ኢየሩስ የምትሠሪበትን አሳይኝ አለች። ወርክሾፑ ውስጥ ሄር ብሬንደል ወንበር ጠርጎ አስቀመጣት። መነን ቱታዋን ለብሳ አንድ የወደብ ማንሻ ሞተር ስትጠቀልል ኢየሩስ ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት ሳትነሳ አየቻት። ሲወጡ የመነንን እጅ ይዛ ገለባበጠችው።

«እጅሽ እንደ እኔ ሻክሯል» አለች። ቀጥላም፣ «ያን ጊዜ ብትጽፊልኝ አስመልስሽ ነበር። ያንን ፈርተሽ ነው አይደል?» አለቻት።

መነን አዎ አለች። ኢየሩስ እስከ ትራም ፌርማታው ድረስ እጇን አልለቀቀችም።

አሁን 1999 ነው። ሄር ብሬንደል ጡረታ ሊወጣ ስለተቃረበ ወርክሾፑን የምትይዝ ከሆነ የማይስተር፣ የሙያው አለቃ የሚያሰኘውን፣ ፈተና ማለፍ አለባት፣ ተለማማጅ ማስተማር የሚፈቀደውም ለማይስተር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ትማራለች። የኤሌክትሪኩን ክፍል ጨርሳለች። የሚከብዳት የሕጉ ክፍል ነው፤ ዓረፍተ ነገሮቹ ረጃጅም ናቸው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ እኔ ቤት ወርዳ እኔ እያነበብኩላት እሷ በአማርኛ ትደግመዋለች። ባለፈው እሑድ አሥራ አራት ገጽ ሄደናል።